የቦሬ ጫላ አርባ አንድ ጎብኚዎች

መጋቢት 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ኦዳ በሬዳ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከአምስቱ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ አንዱን፣ ከሰቃ ከተማ ወዲያ ያለውን የቦሬ ጫላን ጣቢያ፣ «የገዢን ትኩረት ያልሳበ» በማለት እንዲዘጋ ወሰነ። ለውሳኔው የቀረበው ቁጥር ሐሰት ነበር። ያቀረቡት ሁለቱ ኃላፊዎች ሐሰት መሆኑን ያውቁ ነበር። ቁጥሩ የሚወጣበትን ሥርዓት በእጇ የሠራችው ባለሙያም ታውቅ ነበር።

ባለሙያዋ ታቢታ አልዓዛር ትባላለች። በ1982 ዓ.ም. ጅማ፣ ኮቼ ሠፈር ተወለደች። አባቷ አቶ አልዓዛር ከዱራሜ በመንገድ ሥራ ቀን ሠራተኝነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ በኋላም የካምፑን ዕቃ ግምጃ ቤት የያዙ ሰው ናቸው። አካፋና ዶማ ማታ ሲመለስላቸው የተሰበረውን ከደኅናው ለይተው በሁለት ዓምድ ይጽፉ ነበር። አለቆቻቸው «ድምሩ ይበቃል፣ ለይቶ መጻፍ ምን ያደርጋል?» ሲሏቸው «ጠዋት የሚቆፍረው ሰው በድምር አይቆፍርም» ይላሉ። ልጃቸው በዚህ ቤት አደገች።

ኪቶ ፉርዲሳ ከሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በመረጃ ሥርዓት ትምህርት በ2004 ዓ.ም. ተመረቀች። እኩዮቿ ኮብልስቶን ድንጋይ ሲጠርቡ እሷ ከካምፓሱ በር ፊት ለፊት ባለ ጽሕፈት ቤት የሌሎችን መመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ተየበች። በ2006 ዓ.ም. ፈረንጅ አራዳ ያለው የዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ቀጠራት። የመጀመሪያ ሥራዋ የዩኒየኑን ድረ ገጽ ማሰናዳት ነበር። ለአምስቱ ጣቢያዎች አምስት ገጽ ከፈተች። ቡናው የሚበቅልበትን ከፍታ፣ አጠባውን፣ የማድረቂያ አልጋዎቹን ብዛት፣ የገበሬዎቹን ፎቶግራፍ በየገጹ አስቀመጠች። ፎቶግራፎቹን ራሷ ዞራ አነሣች። ከቦሬ ጫላ የተመለሰችው ከጉልበቷ በታች ጭቃ ሆና፣ የዚያው ገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ሊቀ መንበር ሐጂ ቲጃኒ ግድ ብለው ያስያዟትን ማር ታቅፋ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ዩኒየኑ የሪፖርት ሥርዓት ገዛ። የየክፍሉን ሥራ ሰብስቦ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን የሚያሳይ፣ ዕቅዱ ከተሳካ አረንጓዴ፣ ካልተሳካ ቀይ የሚያበራ ነው። ታቢታ የድረ ገጹን ጎብኚ ቆጣሪ ከዚህ ሥርዓት ጋር እንድታገናኝ ታዘዘች። ማን የትኛውን ገጽ፣ ከየት አገር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ ቆጣሪው ይመዘግባል፤ እሷ የሠራችው ማገናኛ ደግሞ ምዝገባውን በየማለዳው ወደ ሪፖርቱ ያሻግራል። ሥራው ቀላል አልነበረም። ቆጣሪው በፈረንጅ ወር ይቆጥራል፣ ሪፖርቱ በእኛ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን ለይታ ወደ አገራችን ወር መለሰች፤ የሪፖርቱ ቅጽ አሥራ ሦስተኛ ዓምድ ስለሌለው የጳጉሜንን ቀናት ከነሐሴ ጋር ደመረች፤ ይህንንም በግርጌ ማስታወሻ ገለጠች። መብራት ጠፍቶ ያመለጠ ቀን ቢኖር መስመሩ ሲመለስ ማገናኛው ያለፈውን ስቦ እንዲያመጣ አደረገች። ከሁሉ በላይ ማጣሪያ አስገባች፤ ከመሥሪያ ቤቱ መስመር የሚከፈት ገጽ በጎብኚነት አይቆጠርም። የራስን ደጅ በራስ እጅ ማንኳኳት እንግዳ መጣ አያሰኝምና።

እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም።

የ2008 ዕቅድ ሲወጣ የዕቅድና ክትትል ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰሎሜ «በወር ሦስት ሺህ የድረ ገጽ ጎብኚ» የሚል ግብ ጻፉ። ሦስት ሺህ ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ሰነድ በማኅደሩ ውስጥ የለም። የመስከረም ወር ትክክለኛ ቁጥር ስድሳ አራት ነበር፤ አፈጻጸም ሁለት በመቶ። ስክሪኑ ቀላ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አብነት ከተማ ታቢታን ጠሩ።

«ይህ ነገር ዞኑ ሊመጣ ሲል ነው የሚቀላው?»

«እውነተኛው ቁጥር ነው አቶ አብነት። ስድሳ አራቱም የውጭ ገዢዎች ናቸው። ለቡና ዩኒየን ትንሽ አይደለም።»

«ስድሳ አራት ብዬ ዞን ፊት ልቁም? ሠላሳ ሠራተኛ አለን፣ የራሳችን ሰው ገጹን አያይም?»

«ያያል፣ ግን ማጣሪያው አይቆጥረውም።»

«ማን አጣሪ አለሽ? አንሺው።»

ጥቅምት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ማጣሪያውን አነሣችው። ሦስት ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የፈለገው፤ ዛሬ ይህን ስትናገር ጣቶቿን ታያለች። አላጠፋሁትም ብላ ራሷን አጽናናች፤ የተጣራውን ቁጥር ማንም በማይከፍተው ሁለተኛ ዓምድ አስቀርታለችና። የአባቷ ልጅ ናት። ነገር ግን የአባቷ ሁለት ዓምዶች ለሁሉም ይነበቡ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሰሎሜ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ሠላሳው ሠራተኛ እንደ ጊዜው አሠራር አንድ ለአምስት ተደራጅቶ አምስት ቡድን ነበር። ለየቡድኑ አንድ የጣቢያ ገጽ በዕጣ ተሰጠ። እያንዳንዱ አባል የቡድኑን ገጽ ጠዋት ፊርማ ሲፈርም አራት ጊዜ፣ ከምሳ መልስ ሦስት ጊዜ እንዲከፍት፣ የቀረ አባል ካለ ጓዱ እንዲሞላለት ተወሰነ። የቦሬ ጫላ ገጽ ለአምስተኛው ቡድን ደረሰ። የቡድኑ መሪ የሹፌሮቹ አንጋፋ ሣህሉ ነበር፤ አባላቱ ሁለት ሹፌሮች፣ ሁለት ጥበቃዎችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። ሣህሉ ተነሣ።

«ወይዘሮ ሰሎሜ፣ እኛ ስድስታችን ተደምረን አንድ ኮምፒውተር የለንም። በመኪናዋ ጥሩምባ እንክፈተው?»

ስብሰባው በሳቅ ተናወጠ።

«ሣህሉ፣ ቀልዱን ለመንገድ አቆየው። ተጋግዛችሁ ክፈቱ፤ ዋናው ተሳትፎው ነው።»

«እሺ እመቤቴ፣ እንሳተፋለን። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ፊርማው ብቻ የት እንደሆነ አሳዩን።»

ፊርማው የት እንደሆነ አሳዩት። አምስተኛው ቡድን በየወሩ መጨረሻ «መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ብሎ ፈረመ፤ ገጹን ግን አንድም ቀን አልከፈተም። ሣህሉን አልከስም፤ ከሁሉም አስቀድሞ እውነቱን በአደባባይ የተናገረ እሱ ነው፣ ተሳቀበት እንጂ።

የኅዳር 2008ን ሂሳብ እዚህ ላይ መዘርዘር ያስፈልጋል። በወሩ ሃያ ሁለት የሥራ ቀናት ነበሩ። ስድስት ሰው በቀን ሰባት ጊዜ ሲከፍት የአንድ ቡድን ድምር ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ይሆናል። የጡሌ ጣቢያ ገጽ በዚያ ወር ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ሰባቱ ብቻ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ነበሩ። ሌሎቹ ሦስት ገጾችም እንዲሁ ዘጠኝ መቶን አለፉ፤ ከውጭ የመጣላቸው በአንድ ላይ አሥራ ዘጠኝ ነበር። የቦሬ ጫላ ገጽ አርባ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ አርባ አንዱም ከጀርመን፣ ከጃፓንና ከሳውዲ ዐረቢያ። ሠራተኞቹ አንድ ገጽ ላይ በአማካይ አራት ሰከንድ ይቆዩ ነበር። የቦሬ ጫላ ጎብኚዎች ከስድስት ደቂቃ በላይ ቆይተዋል፤ ከፍታውን አንብበዋል፣ የማድረቂያ አልጋዎቹን ፎቶግራፍ አስፍተው አይተዋል። ባጭሩ፣ ከስድሳ ሰባት እውነተኛ ጎብኚ አርባ አንዱን የሳበው ጣቢያ በስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ሆነ። ጥፋቱ አንድ ነበር፤ ለሱ የተመደቡት ሰዎች ኮምፒውተር አልነበራቸውም።

አምስተኛው ቡድን ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ጊዜ እንደ ከፈተ የሚመሰክረው የተፈረመ ቅጽና ገጹ አርባ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ተከፈተ የሚያሳየው ሪፖርት በአንድ ማኅደር ውስጥ ተከታትለው ታስረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አልነበረም፤ ወይም ያነበበው ዝም ብሏል።

አጠቃላዩ አፈጻጸም መቶ ሃያ አምስት በመቶ ደረሰ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። በታኅሣሥ ከክልል የመጣ ቡድን ሥራውን «ምርጥ ተሞክሮ» ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠ። ታቢታ ከወረቀቱ ጋር ቆማ ፎቶግራፍ ተነሣች። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ ፈገግ ብላለች።

በየካቲት መጨረሻ አቶ አብነት ከአምስቱ ጣቢያዎች ዝቅተኛ ተፈላጊነት ያለውን ዘግቶ የመፈልፈያ ማሽኑን ወደ ጡሌ የሚያዛውር ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው እንደሚያቀርቡ ተሰማ። ማስረጃው የጎብኚ ሪፖርቱ ነው። ታቢታ የተጣራውን ዓምድ አትማ ቢሯቸው ገባች።

አቶ አብነት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ይህን ልብ በሉ፤ አነበቡ።

«ስለዚህ ቦሬ ጫላ አንደኛ ነው» አሉ።

«አዎ። ያውም በብዙ ርቀት። ማሽኑ ከዚያ ከተነሣ ገበሬዎቹ እሸቱን ጡሌ ድረስ ሊሸከሙት ነው፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ ድልድይ በሌለው ወንዝ። ዕለቱን ያልተፈለፈለ እሸት ይበላሻል። ከነገለባው አድርቀው፣ ጀንፈል አድርገው በርካሽ ለሰብሳቢ ነጋዴ ከመስጠት በቀር ምርጫ የላቸውም።»

«ገብቶኛል። አንቺ ደግሞ ይግባሽ። ይህን ቁጥር ዛሬ ባወጣ፣ ያለፈውን አምስት ወር ሪፖርት ምን ልበለው? ምርጥ ተሞክሮውንስ? ውሰዱልን ብዬ ልጻፍ?»

«ስሕተት ነበር ብንል...»

«ማን ተሳሳተ እንበል? ማጣሪያውን ያነሣችው ማን ናት?»

ታቢታ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«የቋሚነት ጥያቄሽ ሚያዝያ ላይ ይታያል አይደል? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

መጋቢት 14 ቀን ጠቅላላ ጉባኤው ተቀመጠ። ወይዘሮ ሰሎሜ የአምስቱን ወራት ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ አበሩ፤ አራት ረጃጅም አረንጓዴ ዘንጎች፣ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ጉቶ። «ዓለም የሚለን ይህንን ነው» አሉ። ከየመሠረታዊ ማኅበሩ የመጡት ተወካዮች ሰንጠረዡን በአክብሮት ተመለከቱ። ሐጂ ቲጃኒ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቢስሚላህ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ባለፈው ጥር ሁለት ፈረንጆች እኛ ዘንድ መጥተዋል፤ በኢንተርኔት አይተናችሁ ነው ብለው። ጡሌ ሄደዋል ወይ?»

የጡሌው ተወካይ ሸኩር ከኋላ በኩል «እኛ ጋ የመጣ ፈረንጅ የለም፣ ዋላሂ» አለ። አንዳንዶች ሳቁ።

«ሐጂ፣ ሁለት ሰው ማስረጃ አይሆንም» አሉ አቶ አብነት። «እዚህ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጎብኚ አለ። ቁጥር አይዋሽም።»

«ቁጥሩን እኔ አልከሰስኩም፣ አስታግፊሩላህ። የሠራችውን ልጅ ልጠይቃት ነው። እኛ ቤት መጥታ ጭቃችንን የረገጠች ናት፤ አውቃታለሁ።» ወደ ታቢታ ዞሩ። «ልጄ፣ ማሎ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኛ ነን የመጨረሻዎቹ?»

ታቢታ ከስክሪኑ አጠገብ ቆማ ነበር። የተጣራው ወረቀት በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳው በትከሻዋ ላይ። አዳራሹ ጠበቃት። ስንት ሰከንድ እንደ ሆነ አታውቅም፤ ሁሉን የምትቆጥር ሴት ያችን አልቆጠረችም።

«ሲስተሙ የሚያሳየው እንደዚያ ነው ሐጂ» አለች።

በቃል ሲታይ ውሸት አይደለም፤ ሲስተሙ ያሳይ የነበረው እንደዚያ ነው። አንድ የተማረ ሰው እውነት በሚመስል ዓረፍተ ነገር እንዴት ያለ በደል ሊፈጽም እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ ሐጂ ቲጃኒ፣ ተቀመጡም። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን አላወጡም። ተቃውሞም አላስመዘገቡም። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል።

በሚያዝያ ታቢታ ቋሚ ሆነች። በሐምሌ የጭነት መኪና ቦሬ ጫላ ገብቶ የመፈልፈያ ማሽኑን ፈቶ ወሰደ። ይዘውት የመጡት ሣህሉና አንድ መካኒክ ነበሩ። ሣህሉ ሲመለስ በታቢታ ቢሮ በር ላይ ቆመ።

«ቡድናችን ዛሬ ሥራ ሠራ» አላት። «መቶ በመቶ።»

አልሳቀም።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላቀደውም። በመስከረም 2009 መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ በታመሰበት ወቅት፣ በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሦስት ቀን መስመር አልነበረም፤ ስለዚህ ገጽ የሚከፍት ሠራተኛም አልነበረም። ድረ ገጹ ግን የተቀመጠው ባሕር ማዶ ነበርና የውጭ ሰዎች ያዩት ነበር። መስመሩ ሲመለስ ማገናኛው እንደ ተሠራበት ደንብ ያለፉትን ቀናት ስቦ አመጣ። በዚያች ማለዳ በሥራ አስኪያጁ ግድግዳ ላይ የአሥራ ሦስቱ ቀናት ሰንጠረዥ ያለ ምንም ማጣሪያ፣ ያለ ማንም ፈቃድ፣ ተጣርቶ ታየ፤ ቦሬ ጫላ ሃያ ሁለት፣ ጡሌ ሦስት፣ የቀሩት ከዚያ በታች።

አቶ አብነት ስክሪኑ እንዲጠፋ አዘዙ። ወይዘሮ ሰሎሜ በጽሑፍ ባስተላለፉት መመሪያ አሥራ ሦስቱ ቀናት «በሲስተም ብልሽት የተዛቡ» ስለሆኑ በቀደመው ወር አማካይ እንዲተኩ ጠየቁ። መመሪያው የወጣበት ቀን፣ ማኅተሙና ፊርማው አለው። ታቢታ አልተካችም። የሥራ መልቀቂያ ጻፈች፤ ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ያለውን የተጣራ ቁጥር በአባሪ አያይዛ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለቁጥጥር ኮሚቴውና ለዞኑ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በግልባጭ ሰጠች። ከሦስቱም የደረሰኝ ፊርማ ተቀብላለች። ቁጥሩን ከእሷ በኋላ የመጣው ባለሙያ ተካው።

ይህ ድፍረት ነበር፤ አልክድም። ሰባት ወር የዘገየ ድፍረት ነበር፤ ይህንንም እሷ አትክድም።

በኅዳር፣ እሸት በሚለቀምበት ወር፣ የአባሪውን ቅጂ ይዛ በሰቃ በኩል ቦሬ ጫላ ወጣች። የማድረቂያ አልጋዎቹ ሽቦ ተነሥቶ እንጨቱ ብቻ ቆሟል። በየደጁ ቀይ እሸት መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ተሰጥቶ ይጠቁራል። ሐጂ ቲጃኒ ወረቀቱን ለልጃቸው ልጅ ሰጥተው በአፋን ኦሮሞ አስነበቡት። ልጅቷ እያንዳንዱን ወር፣ እያንዳንዱን ቁጥር አነበበች። ሽማግሌው አላቋረጧትም።

«ይህን ያን ቀን ታውቂው ነበር?» ብለው ታቢታን ጠየቋት።

«አውቀው ነበር። በቦርሳዬ ይዤው ነበር።»

ሐጂ ቲጃኒ ወረቀቱን በእጥፋቱ አጠፉና መለሱላት።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አሉ።

«ደኅና ናቸው ሐጂ።»

«ሰላም በይልኝ።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሊሸኟት እስከ አጥሩ መጡ። ቁጣ ቢሆን ይቀልላት እንደ ነበር ትናገራለች። እኔ በበኩሌ እንዲቀልላት የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም፤ ይሁንና ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመስማት ተራራውን የወጣች እሷ ብቻ መሆኗን መመዝገብ ተገቢ ነው።

ታቢታ ዛሬ ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የሬጅስትራር ቢሮ ትሠራለች። የተማሪዎችን ውጤት ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። አንድ ውጤት አስተካክዪ ስትባል የመምህሩን ወረቀት ሳታይ አትነካም፤ በዚህ ምክንያት «አስቸጋሪ» ትባላለች። ለቁጥጥር ኮሚቴው ሁለት ጊዜ፣ ለዞኑ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ አስታዋሽ ደብዳቤ ጽፋለች። የመጨረሻው የተጻፈው ጥር 2010 ዓ.ም. ነው።

መልስ አልመጣም። አቶ አብነት በሥራቸው ላይ ናቸው፤ ወይዘሮ ሰሎሜ ወደ ዞን ተዛውረው ዕድገት አግኝተዋል። የመጋቢት 14 ውሳኔ አልተሻረም፤ የ2008 ሪፖርትም አልታረመም። ማሽኑ ጡሌ ነው። የቦሬ ጫላ ጣቢያ ዝግ ነው።